ስሜት ገላጭነት፦ ኤክስፕሬሽኒዝምን በአማርኛ

አንዲት ሴት በውሃ ቀለም ተሥላለች እንበል። ፊቷ ቢጫ ነው፤ የጉንጯ ቀይ ወደ አንገቷ ፈስሷል፤ በዐይኖቿ ዙሪያ ሰማያዊ ረግቷል። ሴትዮዋን የሚያውቅ ሰው «እሷን አትመስልም» ቢል አልተሳሳተም። ሠዓሊውም አልተሳሳተም። ይህን አሳሳል ዓለም ኤክስፕሬሽኒዝም ይለዋል። በአማርኛ «ስሜት ገላጭነት» ብንለው ይስማማዋል።

«ገላጭነት» ብቻውን አይበቃም። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስለ ገላጭ ድርሰት የተማረ ልጅ ቃሉን የሚያውቀው አንድን ጉዳይ አፍታቶ ማስረዳት በሚለው ትርጉሙ ነው። ኤክስፕሬሽኒስት ሠዓሊ ግን ሴትዮዋን አያስረዳም። «ስሜት» ሲጨመርበት ነገሩ ይጠራል። የማን ስሜት? ከሁሉ በፊት የሠዓሊው። የምታለቅስ ሴት ሥዕል ሁሉ ስሜት ገላጭ አይደለም፤ ዕንባዋ ልክ እንደሚታየው ተጠንቅቆ ከተሣለ ሥዕሉ እውነታዊ ነው። ምንም ሳትናገር የተቀመጠች ሴት ደግሞ፣ ሠዓሊው እሷን ሲያይ ውስጡ የተነሣው ነገር ቀለሙንና መስመሩን ከለወጠው፣ ሥዕሏ ስሜት ገላጭ ይሆናል።

እንቅስቃሴው ስም ያወጣው በጀርመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 በድሬስደን ከተማ ወጣት ሠዓሊዎች «ድልድዩ» የተባለ ቡድን አቋቋሙ። በማግስቱ ዓመት ኤሚል ኖልዴ ለአጭር ጊዜ ተቀላቀላቸው። የውሃ ቀለም የሴት ምስል ሲነሣ እኔ ቀድሜ የማስበው እሱን ነው። ኖልዴ ቀለም የሚመጥ የጃፓን ወረቀት ያርስና ገና ሳይደርቅ ቀለሙን ይለቅበት ነበር። አንዱ ቀለም ከሌላው ጋር ወረቀቱ ላይ ይገናኛል፤ አንዳንዴም ወደ ጀርባው ዘልቆ ይወጣል። የፊቱ ጠርዝ የት እንደሚያበቃ በከፊል የሚወስነው ውሃው ነው። የዘይት ቀለም ተፍቆ ይታረማል፣ በላዩም ይደገማል፤ እርጥብ ወረቀት ላይ የፈሰሰ ቀለም ግን እጁ የሄደበትን መንገድ እንደያዘ ይቀራል። ለዚህ ነው የውሃ ቀለም፣ ብዙዎች ለልጆች መለማመጃ ቢያደርጉትም፣ ለስሜት ገላጭ ሠዓሊ እጅግ ከባዱና እጅግ ታማኙ መሣሪያ የሚሆነው።

የሰውዬውን ነገር ሸፍኖ ማለፍ አይገባም፦ ኖልዴ የናዚ ደጋፊ ነበር። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1937 ናዚዎች ሥራዎቹን «የዘቀጠ ጥበብ» ብለው ከሺህ በላይ የሚሆኑትን ከየሙዚየሙ ወረሱበት።

ወደ አገራችን ስንመጣ መንገዱ በሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በኩል ያልፋል። ገብረ ክርስቶስ የተወለደው በሐረር ነው፤ አባቱ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። እሱ እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ጀርመን ሄዶ በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማረ፤ ተመልሶም በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። «ጎልጎታ» በተባለው ሥዕሉ ቀዩ ቀለም የደምን መልክ ከመቅዳት አልፎ ራሱ ሕመም ይሆናል። የውሃ ቀለም አይደለም፤ ግን «ስሜት ገላጭ» ማለት ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ከዚህ ሥዕል የተሻለ ማሳያ አላውቅም። በሠዓሊው ስም የተሰየመ ሙዚየም በአዲስ አበባ አለ።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ይኖራል። የቆየውን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያስብ። ቅዱሳኑ ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ትልልቅ ዐይን ያዩናል፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። የማንም ሰው ዐይን ያን ያህል አይሰፋም፤ የተሣለው ግን እውነት መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። ልዩነቱ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓቱ የሁሉም መሆኑ ነው፤ ስሜት ገላጩ ሠዓሊ ግን የሚከተለው የራሱን ስሜት ብቻ ነው።

አሁን ለምሳሌ አንድ የአምቦ ከተማ ወጣት ከጎረቤቷ ከጉደር ለገበያ የመጣች እናት ልሣል ቢል እንዴት ይጀምር? የውሃ ቀለም ሠዓሊ ነጩን የሚያገኘው ከወረቀቱ ነው። ስለዚህ ነጠላዋ ሳይነካ ይቀራል፤ የሚሣለው ጥላውና ጥለቱ ነው። የሐበሻ ፊት ደግሞ ከአንድ ቡናማ ቀለም አይወጣም፦ ስስ ቢጫ፣ በላዩ ቀይ፣ በመጨረሻ በጉንጯ ሥር ጥቂት ሰማያዊ። እስከዚህ ድረስ ሙያ ነው። ድካሟን ሲያይ የተሰማው ቁጭት ሰማያዊውን ከጉንጯ አውጥቶ ነጠላዋ ላይ እንዲያፈሰው ካስገደደው፣ ከመልክ ቅጂ ወደ ስሜት ገላጭነት ተሻግሯል። ዝም ብሎ ቀለም ማፍሰስ ግን ስሜት ገላጭ አያሰኝም። የተሰማው ነገር ከሌለ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ዝርክርክነት ነው፤ አስተማሪዎችም ለተማሪዎቻቸው ይህን ሳይሸሽጉ ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል።

በአጠቃቀም ረገድ፣ አሳሳሉን «ስሜት ገላጭነት»፣ ሥራውን «ስሜት ገላጭ ሥዕል»፣ ባለሙያውን «ስሜት ገላጭ ሠዓሊ» ማለት ይቻላል። በጀርመን የተነሣውን ታሪካዊ እንቅስቃሴ ለይቶ መጥራት ሲያስፈልግ «ኤክስፕሬሽኒዝም» እንዳለ ቢቀመጥ ይሻላል።