የፈጠጋር ምድርና የዘይላ መንገድ

ዐፄ ዓምደ ጽዮን በነገሠ በ18ኛው ዓመት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1332፣ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን ዐመፀ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ሰብረዲን አብያተ ክርስቲያናቱን መስጊድ አደርጋለሁ ብሎ ዝቶ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው ጦርነቱን የሃይማኖት ጦርነት ብቻ አድርጎ ይተርከዋል። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ሰብረዲን የንጉሡን ነጋዴዎች ከነዕቃቸው መያዙን ይነግረናል። ዓምደ ጽዮንም ድል ባደረገ ጊዜ በይፋት ላይ የሾመው ክርስቲያን አልነበረም፤ የሰብረዲንን ወንድም ጀማለዲንን ነው። ንጉሡ የፈለገው ግብሩ እንዲገባና ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው መንገድ እንዲከፈት ነበር።

ይህ መንገድ ከሚነካቸው አውራጃዎች አንዱ ፈጠጋር ነው። ዛሬ አዳማና ሞጆ ያሉበት አገር በጥንቱ ፈጠጋር ወሰን ውስጥ ይገባል፤ ከአዋሽ ማዶ ደዋሮ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ደግሞ ወጅ ነበሩ። የጅቡቲ መኪና ዛሬም በዚሁ ሜዳ ያልፋል። የዐረቡ ጸሐፊ አል ዑመሪ በ14ኛው መቶ ዓመት የመዘገባቸው ሰባት የእስላም መንግሥታት በኑሯቸው ንግድ ትልቅ ቦታ ነበረው፤ በይፋት የግብፅ ዲናርና ድርሃም ሲዘዋወር፣ በደዋሮ ሰው የሚገበያየው ሐኩና በሚባል፣ ርዝመቱ መርፌ በሚያህል የብረት ቁራጭ ነበር። በፈጠጋር የተወለደው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የዚህን አገር ዋጋ ያውቅ ነበር። በ1445 የአዳሉን በድላይን በደዋሮ ድል ከነሣ በኋላ በነዚህ አውራጃዎች ጨዋ የሚባለውን የንጉሥ ሠራዊት አሰፈረ። ጨዋው ቀለቡን የሚያገኘው ከገበሬው ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም የጨዋውን ሰፈር ተከትላ ተተከለች። ከዘርዐ ያዕቆብ ንግሥቶች አንዷ እሌኒ ግን የሐዲያው እስላም ገዥ ልጅ ነበረች። አውሮፓም በዚህ አይለይም፤ መስቀል አንግቦ ወደ ምሥራቅ የዘመተው ሠራዊት በ1204 የቬኒስ ነጋዴዎች ዕዳ አስሮት የክርስቲያኖችን ከተማ ቁስጥንጥንያን ዘርፏል።

ታዲያ እምነት ከንቱ ሽፋን ነበር ማለት ነውን? አይደለም። የየመን ሰው ሆኖ ሳለ ክርስትናን ተቀብሎ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆነው አባ ዕንባቆም፣ አገሩን ለወረረው ለአዳሉ ኢማም አሕመድ አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ የጻፈው መንገድ ለማስከፈት አልነበረም። ከኢማሙ ጋር የዘመቱትም ብዙዎች ከልባቸው ያምኑ ነበር። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ አንድ ሰው በልቡ ሊጸና ይችላል፣ አውራጃ ግን የሚጠብቀውን ሠራዊት ተከትሎ ይሄዳል። በ1529 በሞጆ አቅራቢያ በሽምብራ ኩሬ የዐፄ ልብነ ድንግል ጦር በተሰበረ ጊዜ ደዋሮ፣ ባሊ፣ ፈጠጋርና ወጅ ተራ በተራ ወደቁ፤ ከጨዋው ራሱ ብዙው ሰለመ። ኢማሙ በ1543 በወይና ደጋ ሲሞት ደግሞ ዐፄ ገላውዴዎስ የካዱትን መልሶ ተቀበለ፤ ለዚህም ሥርዐት መጽሐፈ ቄድር አገለገለ።

ለዚህ ክርክር ትልቁ ምስክር ኦሮሞ ነው። የክርስቲያኑና የአዳሉ መንግሥታት በ14 ዓመት ተላልቀው የመንገዱ ጠባቂ ጠፍቶ ነበር። አባ ባሕርይ በ1593 እንደ ጻፈው፣ በየስምንት ዓመቱ ከሚፈራረቁት ሉባዎች፣ ማለትም የገዳ ትውልዶች፣ ቢፎሌ የተባለው ደዋሮን ወስዶ ፈጠጋርን መውጋት ጀመረ። እነዚህ ሰዎች ከሁለቱ ሃይማኖት አንዱንም ይዘው አልመጡም፤ የመጡት በገዳ ሥርዐታቸው ነው። ጦርነቱ በመስቀልና በቁርኣን መካከል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛው ወገን ሁለቱ የተጋደሉበትን ምድር እንዴት ይወርሳል? በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የሚኖሩት ዛዮች በደብረ ጽዮን የብራና መጻሕፍታቸውን ይዘው በክርስትና መቆየታቸው ይህን የሚቃወም ሊመስል ይችላል። ደሴቶቹ ግን ከነጋዴ መንገድ ውጭ ናቸው፤ ወደ ዘይላ የሚወርድ ማንም በዚያ አያልፍም፣ ሐይቁም ያለ ጨዋ ሠራዊት ይጠብቃቸው ነበር።