ቅቤ የሚቀባ ዋርካ

የግንቦት ልደታ ድግስ ከደጅ ነው። ግንቦት 1 ጎረቤት ተጠራርቶ ንፍሮውን፣ ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ወደ ሰፈሩ አድባር ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ዋርካ ወይም ሾላ ነው። ቡናው እዚያው ይፈላል። በዕድሜ የገፉት እናት ለጋ ቅቤ በመዳፋቸው ይዘው ግንዱን ይቀባሉ፤ ከንፍሮው ቆንጥረው ከሥሩ ይበትናሉ፤ ከጠላውም ጠብ ያደርጋሉ። ከዚያ ምርቃት ነው፤ ሌላው እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል።

ካህናቱ ቀኑን በሌላ ያስረዱታል፦ ኢያቄምና ሐና እመቤታችንን የወለዱት በሊባኖስ ተራራ ስለሆነ ያን ለማሰብ ንፍሮ በደጅ ይበላል። ጧት ቅዳሴ አስቀድሳ ከሰዓት ዛፍ የምትቀባ ሴት ግን ሁለቱ ሲጣሉባት አይታያትም። በምዕራብ ጎጃም ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ገበሬም ቀኑ ያለ ነገር አልዋለም። የበቆሎ ዘር መሬት ሊገባ ነው፣ የበርበሬው ችግኝ ገና መደብ ላይ ነው፣ ዓይን ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በባዕድ አምልኮ ላይ ብርቱ ዘመቻ አድርገዋል። ልማዱ ግን ከዘመቻው ተርፏል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ኖቬምበር 1770 እ.ኤ.አ. ምዕራብ ጎጃም ሰከላ፣ ጊሽ ዓባይ ሲደርስ፣ አገዎች በየዓመቱ ለምንጩ ጥቁር ጊደር እንደሚያርዱ ጽፏል። እሱ ራሱም ምን አደረገ? ከምንጩ በኮኮናት ቅል ቀድቶ ለንጉሡ ለሣልሳዊ ጆርጅ ጤንነት ጠጣ! የአገዎቹን መሥዋዕት እንደ ጉድ የመዘገበ ሰው የራሱን ሥርዓት ከጉድ አልቆጠረውም።

የብሩስ ጎረቤቶች እንግሊዞች ደግሞ ለፖም ዛፍ ይጠጣሉ። ዋሴይል ይሉታል፤ በኬንት አውራጃ ፎርድዊች በ1585 ተመዝግቦ ይገኛል። በክረምታቸው እኩሌታ፣ ቅጠሉ ረግፎ ዛፉ በድን በመሰለበት ሰሞን፣ ማታ ወደ አትክልቱ ወጥተው ያዜማሉ፣ በፖም ጠጅ የራሰ ዳቦ ቅርንጫፉ ላይ ያኖራሉ፣ ክፉ መንፈስ እንዲሸሽ ጠመንጃ ይተኩሳሉ። በሶመርሴት አውራጃ ካርሃምፕተን ዛሬም ጃንዋሪ 17 ይደረጋል። ቀኑ የጥምቀታቸው ዕለት ነበር፤ በ1752 መንግሥታቸው አቆጣጠር ለውጦ 11 ቀን ሲቆርጥ የካርሃምፕተን ሰዎች አሮጌውን ሙጭጭ አሉ። በአሮጌው አቆጣጠር ጥምቀትን ጃንዋሪ 19 ለምናከብር ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም።

ልዩነቱ ልመናው ላይ ነው። እንግሊዛዊው የሚደራደረው ከራሱ ከዛፉ ጋር ነው፤ ጠጣ፣ ለከርሞ ፖም አምጣ። የጎጃም ዋርካ ግን ለገበያ የሚወጣ ፍሬ የለውም። ስለዚህ የሚለመነው ሌላ ሌላው ነው፦ ዝናም፣ ልጅ፣ የከብት እርባታ፣ ለመንደሩ ሰላም። ለእኔ የአድባሩ ነገር የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው፤ ከዛፉ የሚቆረጥ ትርፍ ስለሌለ ማንም የግሌ ነው ብሎ አያጥረውም፤ የሰፈር ዕርቅም፣ ስብሰባም ከሥሩ ነው።

ዛሬ በምዕራብ ጎጃም ማሳ ዳር የሚበዛው በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ አጣና ሆኖ ይሸጣል፣ ልጅ ያስተምራል። ቅቤ ግን አይቀባም። ከተማ ላይ ዋርካ የሌለው ሰፈር ገንዘብ አዋጥቶ ከአንዱ ደጃፍ ንፍሮውን ይጥዳል፣ በግ ከተገኘም ያርዳል፤ ቡናውም አስፋልቱ ዳር ይፈላል።