የአንድ ቃል ዕዳ

ልጆች ሳለን በሰንበት ትምህርት ቤት አብሮን የሚማር አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር። በግራ እጁ ጀርባ ላይ ከሳንቲም የማትበልጥ ነጭ ምልክት ነበረችው። አንድ እሑድ መምህራችን የሶርያውን የጦር አለቃ የንዕማንን ታሪክ ሊያነቡልን መጽሐፉን ገለጡ። «ለምጻም» የሚለው ቃል ሲደርስ ልጁ እጁን ቀስ ብሎ ከነጠላው ሥር ከተተ። ማንም ምንም አላለውም። በሚቀጥለው እሑድ ግን ከአጠገቡ የሚቀመጥ አልተገኘም።

መምህሩ አንድም ክፉ ነገር አልተናገሩም፤ ያነበቡት የተጻፈውን ነው። ልጁንም በሽታው አልጎዳውም፤ ያቺ ነጭ ምልክት አታምም፣ አትተላለፍም። የጎዳው ቃሉ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ያ ቃል ከየት መጥቶ በዚያ ልጅ እጅ ላይ እንዳረፈ ማወቅ ፈለግሁ። እነሆ፣ ያገኘሁት መንገድ ረጅም ነው፤ በዕብራይስጥ ይጀምራል፣ በጽርእ ያልፋል፣ በግእዝ አድርጎ ወደ እኛ ይደርሳል።

አማርኛችን ለቆዳ ሕመም የስም ድኻ አይደለም። እከክ፣ ጭርት፣ ቋቁቻ፣ ችፌ፣ ቆረቆር፣ ፎረፎር፣ ላሽ፣ ቁንጭር፣ ማድያት፣ ብጉር፣ እባጭ፣ ኪንታሮት እያልን ብንዘረዝር ገጹ አይበቃንም። አንዳንዱ ስም መልክን ይስላል፦ በጎን ላይ በመስመር የሚወጣውን የሚያቃጥል ውኃ ቋጠሮ «አልማዝ ባለጭራ» ያለው ሰው ባለቅኔ ነበር ማለት ይቻላል። አንዳንዱ በእንስሳ ይመስላል፦ እግር አብጦ ቆዳው ሲሻክር «ዝሆኔ» ይባላል። አንዳንዱ ደግሞ ከበሽታው ዕድሜ በላይ ይኖራል፦ ፈንጣጣ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ታውጇል፤ ቃሉ ግን ዛሬም በአፋችን አለ። ስም ከበሽታው ተለይቶ ብቻውን መኖር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ከእነዚህ ሁሉ ግን የፍርድ ሸክም የተጫነባቸው ሦስት ናቸው፦ ለምጽ፣ ቁምጥናና ሥጋ ደዌ።

*

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 እና 14 ላይ ካህኑ የሰውን ቆዳ እየመረመረ ንጹሕ ወይም ርኩስ ይላል። በዕብራይስጡ የበሽታው ስም «ጻራዓት» ነው። ይህ ቃል የአንድ በሽታ ስም እንዳልነበረ ራሱ መጽሐፉ ይመሰክራል፤ ጻራዓት በሰው ገላ ብቻ ሳይሆን በልብስ ላይ፣ በቤት ግድግዳም ላይ ይወጣልና። ዛሬ ሥጋ ደዌ የምንለው በሽታ ደግሞ ልብስንም ግድግዳንም አይዝም። ስለዚህ ጻራዓት የሕክምና ቃል ሳይሆን የሥርዓት ቃል ነበር፤ የሚለየውም ንጹሑን ከርኩሱ እንጂ አንዱን በሽታ ከሌላው አልነበረም።

ከዚህም የሚያስገርም አለ። በዚያው ምዕራፍ ነጩ ነገር የሰውየውን ገላ ከራስ እስከ እግር ሙሉ በሙሉ ከሸፈነው ካህኑ ንጹሕ ነህ ይለዋል። እንዲሁም «ቦሃቅ» የሚባል ሌላ ነጭ ምልክት አለ፤ እርሱም የወጣበት ሰው ንጹሕ ነው። ዐረቦች ያንን የዕብራይስጥ ቃል የሚመስለውን «ቡሃቅ» ዛሬ ቆዳን ያለ ሕመም ለሚያነጣው በሽታ ስም አድርገው ይዘውታል፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጅ በእጁ ላይ የነበረችው ዓይነት መሆኑ ነው። እንግዲህ ጥንታዊው ሕግ ራሱ ጉዳት የሌለውን ነጭ ምልክት ለይቶ ነጻ ያወጣ ነበር። ልዩነቱ የጠፋው በጉዞ ላይ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በግብጽ እስክንድርያ ኦሪትን ወደ ጽርእ የመለሱት ሊቃውንት ጻራዓትን «ሌፕራ» አሉት። ሌፕራ በጽርእ ሐኪሞች ዘንድ የሚቀረፍ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚላቀቅ የቆዳ ሕመም ነበር። ጣትን የሚያሳጥረውን፣ ፊትን የሚለውጠውን በሽታ ግን ጽርኣውያን በሌላ ስም፣ «ኤሌፋንጢያሲስ» ብለው ነበር የሚጠሩት፤ የዝሆን በሽታ እንደማለት ነው። የእኛ ብሉይ ኪዳን ከጽርኡ ወደ ግእዝ ሲመለስ ደግሞ የሌፕራን ቦታ የያዘው «ለምጽ» ሆነ። ከግእዝም ወደ አማርኛ በቀጥታ ገባ።

ዐረብኛ ተናጋሪ ሐኪሞች ያንኑ ክፉ በሽታ «ጁዛም» ብለው ይጠሩት ነበር፤ ሥሩ መቁረጥ ማለት ነው። የዝሆን በሽታ የሚለውን ስም ለእግር እብጠት አዋሉት። በ11ኛው መቶ ዓመት የዐረብኛ የሕክምና መጻሕፍት በኢጣሊያ ወደ ላቲን ሲመለሱ ጁዛም «ሌፕራ» ተብሎ ተጻፈ። ሐኪሙ ስለ አንድ በሽታ፣ ካህኑ ስለ ሌላ ነገር የሚናገሩበት ቃል በዚህ ጊዜ አንድ ሆነ። የተርጓሚ ብዕር አንዲት ቃል በሌላዋ ቦታ ስታስቀምጥ፣ በሺህ ዓመታት የተጠራቀመ የርኩሰት ፍርድ ሁሉ ምንም በማያውቁ ሕሙማን ራስ ላይ ወረደ።

በእኛ አገር የሆነው ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሕዝቡ ለክፉው በሽታ የራሱ ስም ነበረው። ለምጽ የሚለውን ቃል የተናጋሪው አማርኛ ቀስ በቀስ ለነጩ ምልክት ለየው፤ ማለትም የራስ ሰውነት መከላከያ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ሲያጠቃ ለሚመጣው፣ ከሰው ወደ ሰው ለማይተላለፈው። ቃሉ ከመጽሐፉ ወጥቶ ንጹሑን ምልክት ሲይዝ ግን ፍርዱንም ይዞ ወጣ። ከሰፈር ውጪ የመቀመጥ ፍርድ ያረፈው ሊመለከተው በማይገባው ሰው ላይ ነው።

*

ሕዝቡ ለክፉው በሽታ የሰጠው ስም ቁምጥና ነው። «ቁምጣ» ሱሪና «ቆመጥ» ዱላ የዚህ ቃል ዘመዶች ናቸው፤ ሁሉም ማጠርን፣ መቆረጥን ያመለክታሉ። ከዐረቦቹ ጁዛም ጋር ሐሳቡ አንድ ነው። ሁለቱም ሕዝቦች ያዩትን ነው የሰየሙት፤ ያዩት ግን መጨረሻውን ነበር።

አባቶቻችን በሽተኛውን እንዴት ያዩት ነበር ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ሁለት ፊት አለው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የቁምጥና ሕሙማን ከሰው ተለይተው እንደማይኖሩ፣ እንዲያውም ለነፍሳቸው ብለው ቁስላቸውን የሚያጥቡላቸው ሰዎች እንዳሉ በመገረም ጽፏል። ሙሽርነቱን ትቶ የመነነው ቅዱስ ገብረ ክርስቶስም በእኛ ዘንድ የእነርሱ ጠባቂ ሆኖ ይታሰባል። ይህ አንዱ ፊት ነው።

ሌላው ፊት በተረታችን ውስጥ አለ፦ ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል። ተረቱን በጥሞና ላየው፣ ስም እንደ አጥር ሲታጠር ይታያል። ስሙ የሚጠራው በሽታውን ለማወቅ አይደለም፤ ሰውየውን ከገበታ ለማራቅ ነው። ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙት ላሊበሎችም ማዜሙን ቢተዉ ቁምጥና ይወርደናል ብለው ያምናሉ እየተባለ ሲነገር ኖሯል። በሽታው በዘር የሚወርድ ዕዳ ተደርጎ ይታይ ስለነበር የታመመው አንድ ሰው ቢሆንም ጋብቻ የሚነፈገው ቤተሰቡ ሁሉ ነበር።

*

ዕዳው የዘር አለመሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። በኖርዌይ በርገን ከተማ ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን የተባለ ሐኪም ከሕሙማን በተወሰደ ሥጋ ውስጥ ዘንግ መሰል ተሕዋስያን በማይክሮስኮፕ አየ። እርግማን የተባለው ነገር ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። እርሱም እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ምልክቱ ለመታየት አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ይወስዳል። አብዛኛው ሰው ደግሞ በተፈጥሮው ይቋቋመዋል።

ስሙን የሻረው ግን ሌላ ግኝት ነው። ሐኪሙ ፖል ብራንድ በደቡብ ሕንድ ቬሎር የሕሙማኑን እጅና እግር ሲከታተል፣ ጣት የሚያሳጥረው በሽታው በቀጥታ እንዳልሆነ አሳየ። ተሕዋሱ የሚያጠቃው ነርቭን ነው፤ ነርቭ ሲሞት ሕመም አይሰማም። ሕመም የማይሰማው ሰው ትኩስ ድስት በባዶ እጁ ያወርዳል፣ በጠጠር ላይ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንቱ ይመናመናል። እንግዲህ «ቁምጥና» የበሽታው ስም ሳይሆን፣ ማንም ሳይደርስለት የቀረ ሰው የደረሰበት መጨረሻ ስም ነው።

በአገራችን ለሕሙማኑ መጠለያ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በሐረር የካፑቺን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1901 አንድ የሕሙማን መንደር አቋቁመዋል። በ1930ዎቹ በአዲስ አበባ ዳርቻ የተሠራው ሆስፒታል በልጅነቷ ባረፈችው በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተሰየመ። በ1958 በሐረር አቅራቢያ የቢሲዲሞ ማዕከል በጀርመናውያን ርዳታ ተከፈተ። በ1965 ደግሞ በዘነበወርቅ ለመላው አፍሪካ ባለሙያ የሚያሠለጥነው አለርት ተመሠረተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በሐንሰን ስም የተጠራው የምርምር ተቋም ከአጠገቡ ተተከለ።

በጽሑፍና በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «ሥጋ ደዌ» ቦታውን የያዘው ቁምጥና ስድብ ስለነበር ነው። ይህን ስም ባሰብኩት ቁጥር አንድ ነገር ደስ ይለኛል። በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ደዌ ሥጋና ደዌ ነፍስ ተለይተው ይጠራሉ፤ የሥጋው ለሐኪም፣ የነፍሱ ለንስሐ። ስሙን ያወጣው ሰው አስቦበት ይሁን ሳያስብበት፣ ለዘመናት የኃጢአት ደመወዝ ተብሎ የተፈረደበትን በሽታ ከነፍስ መዝገብ ፍቆ በሥጋ መዝገብ ጻፈው።

በሌላውም ዓለም ሰዎች ለስም ታግለዋል። በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት ካርቪል በተባለው ቦታ ተገልለው ይኖሩ ከነበሩት ሕሙማን አንዱ፣ በብዕር ስሙ ስታንሊ ስታይን የተባለው ፋርማሲስት፣ እ.ኤ.አ. በ1931 የሕሙማን ጋዜጣ ጀመረ። ዓይኑ ከጠፋ በኋላም ቢሆን «ሌፐር» የሚለው ስም እንዲቀርና በሽታው በሐንሰን ስም እንዲጠራ ከመታገል አልቦዘነም። በ1948 በሃቫና የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ጉባኤ ያ ቃል እንዲተው መከረ። ብራዚል በ1995 በሕግ «ሌፕራ»ን ከመንግሥት ጽሑፎች አውጥታ «ሐንሴኒያዝ» አለችው።

*

ታዲያ ስም መለወጡ በቂ ነውን? አይመስለኝም። ሰው የሚሰማው አሮጌውን ከሆነ አዲሱም ስም ሳይውል ሳያድር ያረጃል፤ ዛሬ «ሥጋ ደዌ» ራሱ በስድብ ቦታ ሲነገር እንሰማለን። ከስድቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው።

ከ1981 ጀምሮ የዓለም የጤና ድርጅት በሚመክረው የሦስት መድኃኒቶች ቅንብር በሽታው በስድስት ወይም በ12 ወር ይድናል፤ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ዙሪያ ከ180 ሺህ በላይ አዳዲስ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ በአገራችንም ዛሬም አዳዲስ ሕሙማን አሉ። በሽታው ሲጀምር ጣት አይቆርጥም። የሚጀምረው በአንዲት ፈዘዝ ባለች ምልክት ነው፤ አታሳክክም፣ አታምም፣ ብትነካም አትሰማም። ሰው ይህችን ሲያይ ቁምጥና ነው ብሎ አያስብም፤ ቁምጥና በስሙ እንደተነገረው የተቆረጠ ጣት ነውና። ቋቁቻ ነው ብሎ ይተዋታል፤ ወይም ለምጽ ነው ብሎ በነጠላ ይሸፍናታል። ነርቩ በዚህ መሐል ይሞታል።

ሦስት ስም አለን። አንዱ ቀለምን ይናገራል፣ አንዱ መጨረሻን ይናገራል፣ አንዱ ሥጋን ይናገራል። ዋናውን ምልክት፣ መደንዘዝን የሚናገር ግን ከሦስቱ አንድም የለም። መዝገበ ቃላትን የሚወድ አንባቢ የቃል አመጣጥን ለጨዋታ ብቻ እንዳያየው የጻፍኩት ስለዚህ ነው። በለምጽ ስም ንጹሑ ሰው ሲፈረድበት ኖረ፤ በቁምጥና ስም የሚድነው ሰው የማይድን መሰለው።

ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ቢገጥመኝ የምነግረው አለኝ። ያን ቀን የተነበበበት ኦሪት ከራስ እስከ እግሩ የነጣውን ሰው እንኳ ንጹሕ ይለዋል። እኛ ነን እስከዚያ ያላነበብነው።