የፎረስት ሲቲ መዋጮ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ በበቆሎ አገር መካከል ያለች የአንዲት ትንሽ ከተማ ታሪክ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ከተማዋ ፎረስት ሲቲ ትባላለች። የምትገኘው በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ፣ በአዮዋ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል ነው። ዛሬ እንኳ ነዋሪዋ ከ4 ሺህ ብዙም አይዘልም። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ በግራም በቀኝም በቆሎና አኩሪ አተር ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ሰማዩ ሰፊ ነው።

ጊዜው 1950ዎቹ ነው። ትራክተሩ ጉልበት እየጨመረ፣ ማጨጃው እየዘመነ ሲሄድ አሥር ሰው ይሠራው የነበረውን እርሻ ሁለት ሰው ይወጣው ጀመር። ታዲያ የቀረው ስምንት ሰው ምን ይብላ? ወጣቱ ትምህርቱን ሲጨርስ ሻንጣውን ይዞ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ይነጉዳል። ወላጅ ይቀራል፤ ቤት ይዘጋል።

በዚያች ከተማ ጆን ኬ. ሀንሰን የሚባል ነጋዴ ነበር። ሥራው ሁለት ነው፤ የቤት ዕቃ ይሸጣል፣ ቀብር ያስፈጽማል። ጎጆ ለሚወጡት አልጋና ጠረጴዛ ያቀርባል፤ የሞቱትንም በክብር ይሸኛል። እንዲህ ያለ ሰው የከተማው ወጣት ማለቁ እንዴት ይሰወረዋል? ሀንሰን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከከተማው ሰዎች ጋር መከረ። በካሊፎርኒያ የሚገኝ አንድ ተሳቢ ቤት የሚሠራ ድርጅት ወደ ከተማቸው እንዲመጣ ገንዘብ አዋጡና ለመኑት። ተሳቢ ቤት ማለት ከመኪና ኋላ ተቀጥሎ የሚሄድ፣ አልጋና ምድጃ ያለው ትንሽ ቤት ነው። ፋብሪካው በ1958 ሥራ ጀመረ።

ደስታው ግን ዓመት አልዘለቀም። ፋብሪካው ወዲያው ተንገዳገደና ሊዘጋ ሆነ። ያ ሁሉ መዋጮ ውሃ ሊበላው ነው! እዚህ ላይ ነው የታሪኩ ወገብ። የእኛ ሰው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላል። በ1959 ሀንሰንና ጥቂት የከተማው ሰዎች ፋብሪካውን ራሳቸው ገዙት። በዓመቱም አውራጃቸው በሆነው ካውንቲ ስም ዊኔባጎ አሉት።

ስሙ ሌላ ታሪክም አዝሏል፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ አግባብ አይደለም። ዊኔባጎ ሌሎች ሰዎች ለሆ-ቸንክ ሕዝብ የሰጡት መጠሪያ ነው። ይህ ሕዝብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዊስኮንሲን ወደ አዮዋ፣ በ1848 ከአዮዋ ወደ ሚኔሶታ፣ በ1863 ደግሞ ከሚኔሶታ ወደ ዳኮታ በግድ ተሰድዷል። ዛሬ በአዮዋ በበጋ እየተዝናናን የምናድርበት መሬት ከባለቤቶቹ የተወሰደ መሆኑን እያወቅን እንደር።

ወደ ፋብሪካው እንመለስ። አዲሶቹ ባለቤቶች በብልሃት ሠሩ። ሶፋውንም መደርደሪያውንም ከሌላ መግዛት ትተው እዚያው ማምረት ያዙ። ግድግዳውን በሁለት ስስ ገጽ መካከል ፎም ጨምረው ሠሩት፤ ቀላል ሆነ፤ ብርድና ሙቀትም የማያስገባ ሆነ። በ1966 ደግሞ ቤቱንና መኪናውን አንድ አድርገው የመጀመሪያውን ሞተር ሆም አወጡ። ዋጋው ሌሎች ከሚሸጡት ግማሽ ያህል ነበር። እስከዚያ ድረስ የሀብታም መጫወቻ የነበረው ነገር የመምህሩና የገበሬው ቤተሰብም የሚመኘው ሆነ። በ1970 የድርጅቱ አክሲዮን ኒውዮርክ ገበያ ገባ፤ ቀደም ብለው ትንሽ ትንሽ የገዙ አንዳንድ የከተማዋ ነዋሪዎች ሚሊየነር ሆኑ።

ክፉም ቀን መጣ። በ1973 መጨረሻ የአረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ ነዳጅ ማደያው ሁሉ ሰልፍ ሆነ። በዚያ ወቅት ነዳጅ የሚጠጣ ትልቅ መኪና ማን ይገዛል? ሠራተኛ ተሰናበተ፤ ከተማዋ ተጨነቀች። ግን አልጠፋችም። ፋብሪካውም ቆየ፤ በየበጋው ከየግዛቱ ሞተር ሆማቸውን እየነዱ የሚመጡ ባለቤቶች በፎረስት ሲቲ መሰብሰብን ልማድ አደረጉ። ወጣት የሚሸሻት ከተማ እንግዳ የሚጎርፍባት ሆነች።

አሁን ደግሞ ማታ ማታ እነዚህ ቤቶች የት እንደሚያድሩ ልንገራችሁ። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ጥቂት ማይል ነድታችሁ ፓይለት ኖብ የሚባለው የግዛት ፓርክ ትደርሳላችሁ። ኮረብታውን የሠራው በጥንት ጊዜ አፈርና ድንጋይ እየገፋ የመጣ ግግር በረዶ ነው። አናቱ ላይ የድንጋይ ግንብ አለ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት ሥራ ያጡ ወጣቶች፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባቋቋመው የሥራ ጓድ ተቀጥረው የሠሩት ነው። ግንቡ ላይ ስትወጡ እርሻው እስከ አድማስ ይታያችኋል። በፓርኩ ውስጥ ያለው ትንሽ ሐይቅ ደግሞ በአዮዋ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ይዟል፤ ስፋግነም የሚባለው ለስላሳ ዕፅ ተጠላልፎ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

እንዲህ ያለው ማደሪያ አንድ ብቻ አይምሰላችሁ። አዮዋ በ1955 ባወጣችው ሕግ መሠረት 99ኙም ካውንቲዎች የየራሳቸው የተፈጥሮ ጥበቃ ቦርድ አላቸው። በየወንዙና በየሐይቁ ዳር ያሉት ብዙ ትንንሽ ፓርኮች የእነዚህ ቦርዶች ናቸው። ቦታችሁን ስትይዙ መጀመሪያ መሬቱ ደልዳላ መሆኑን ታያላችሁ፤ ጎማውን በሽብልቅ ትይዛላችሁ። ከዚያ የኤሌክትሪኩን ገመድ ከምሰሶው ትሰካላችሁ፤ ለትንሹ 30፣ ለትልቁ 50 አምፔር ነው። የሚጠጣውን ውሃ ትሞላላችሁ። የሽንት ቤቱ ፍሳሽ በጋኑ ይጠራቀምና ስትወጡ በተዘጋጀው ጉድጓድ ብቻ ይደፋል፤ ሜዳ ላይ መድፋት ወንጀልም ነውርም ነው።

በብዙዎቹ ትንንሽ ፓርኮች ጠባቂ አታገኙም። በር ላይ ፖስታና የብረት ሳጥን አለ። የሌሊቱን ክፍያ ፖስታው ውስጥ ከትታችሁ፣ የመኪናችሁን ታርጋ ጽፋችሁ፣ ወደ ሳጥኑ ትጨምራላችሁ። የቦታው ሳር የሚታጨደው፣ መታጠቢያው የሚጸዳው በዚያ ገንዘብና በካውንቲው ሰው ግብር ነው። ማንም ቆሞ አይቆጥራችሁም፤ አምነዋችኋል።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛው እንጨት ነው። በ2002 ዲትሮይት አካባቢ አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ ከእስያ የመጣ ጥንዚዛ ተገኘ። እጩ ከቅርፊት ሥር እየሰረሰረ አሽ የሚባለውን ዛፍ በሚሊዮን ፈጀ። ራሱ እየበረረ ሩቅ አይሄድም፤ ከግዛት ግዛት ያደረሰው በአብዛኛው ካምፕ ወጪው የጫነው ማገዶ ነው። ስለዚህ ማገዶ ከቤት አትጫኑ፤ የምታነዱበት ቦታ ግዙ። ብዙ ጊዜ ከገበሬው በር ላይ ታስሮ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው አውሎ ነፋስ ነው። በጸደይና በበጋ ማታ ሰማዩ ሲጠቁርና የከተማው ሳይረን ሲጮኽ፣ ሞተር ሆሙ መጠለያ አይሆንም፤ ነፋስ ያነሣዋል። ገና ስትደርሱ በግንብ የተሠራው መታጠቢያ ቤት ወይም መጠለያው የት እንደሆነ ለይታችሁ እወቁ፤ ልጆቹንም አሳዩ።

ይህን ሁሉ የምተርክላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በጎረቤት ሚኔሶታ፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ከዚያ በኢንተርስቴት 35 ወደ ደቡብ ቢወርዱ ፎረስት ሲቲ የሁለት ሰዓት መንገድ ያህል ናት። የሳምንቱ ሥራ አድካሚ ነው፤ ልጆች በበጋ ቤት ውስጥ ስክሪን ላይ ይውላሉ። ሞተር ሆም መግዛት ግድ አይደለም፤ ይከራያል፤ ያም ባይሆን ድንኳን ይበቃል። ጀበናውንም ያዙ፤ እሳቱን ግን በብረት ቀለበቱ ውስጥ ብቻ አንድዱ። አያቶቻቸው ገበሬ የነበሩ ልጆች በቆሎ እንዴት እንደሚያድግ ቆመው ይዩ፤ ገበሬውንም ይጠይቁት።

ፋብሪካውም፣ ግንቡም፣ ፓርኩም በመዋጮ የቆሙ ናቸው። አንዱ ጉልበቱን፣ አንዱ ገንዘቡን፣ አንዱ ግብሩን ሰጠ። የዛሬው እንግዳ ድርሻ ደግሞ ቀላል ነው፤ ክፍያችሁን ሳጥኑ ውስጥ ክተቱ፤ ቀለባችሁንና ማገዶአችሁን ከዚያው መንደር ግዙ፤ ቦታውን ካገኛችሁት የጸዳ አድርጋችሁ ልቀቁ። ያን ጊዜ የምታድሩት እንደ ባዕድ ሳይሆን ድርሻውን እንደከፈለ ጎረቤት ነው።