ሯጩ ኳስ ተቀባይ ሲኾን፦ በአሜሪካ እግር ኳስ የ«ራኒንግ ባክ» ሁለተኛ ሙያ

በአሜሪካ እግር ኳስ «ራኒንግ ባክ» የሚባለው ተጫዋች ዋና ሥራው ኳሱን በብብቱ ሸጉጦ በተጋጣሚዎቹ መካከል ሰንጥቆ መሮጥ ነው። ከዐሥርተ ዓመታት ወዲህ ግን ከዚሁ ተጫዋች ሌላ ሙያም ይፈለጋል፤ በአየር የተወረወረለትን ኳስ ይዞ ማስቀረት። ይህ ሁለተኛ ሙያ የጨዋታውን ስልት ለውጧል። ሁለት ሥራ የሚሠራ ተጫዋች ስንት ሊከፈለው ይገባል? የሚል ክርክርም አስነስቷል።

ጨዋታው እግር ኳስ ይባል እንጂ ሞላላው ኳስ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው በእጅ ነው። ሜዳው በሁለቱ ጫፍ ካሉት የነጥብ ማስቆጠሪያ ክልሎች ጋር ከግማሽ ሄክታር ጥቂት ይበልጣል፤ በገበሬው ልኬት ሁለት ጥማድ ያህል መኾኑ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ ወደፊት መግፋት አለበት። ካልቻለ ኳሱ ለተጋጣሚው ያልፋል። የማጥቃቱ መሪ «ኳርተርባክ» ይባላል። እርሱም ኳሱን አጠገቡ ለቆመው ራኒንግ ባክ በእጅ ያቀብላል፤ አሊያም ወደፊት ለሮጡት ተቀባዮች ይወረውራል። ኳስን ወደፊት መወርወር በሕግ የተፈቀደው እ.አ.አ በ1906 ነው።

ተከላካዩ ቡድን ኃይሉን ከፋፍሎ ያሰማራል። ፈጣኖቹ በዳር ያሉትን ተቀባዮች ይከተላሉ። ግዙፎቹ ፊት ለፊት ቆመው ሩጫውን ይገታሉ። በመካከል «ላይንባከር» የሚባሉት አሉ። ራኒንግ ባኩ ኳስ ለመቀበል ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚከተሉት እነርሱ ናቸው። ላይንባከር በጉልበቱ ሯጭን ለመጣል የተመረጠ ነው፤ በገላጣ ሜዳ ከቀልጣፋ ሯጭ እኩል መታጠፍ ግን ይከብደዋል። በእርሱ ቦታ ፈጣን ተከላካይ ቢገባ ደግሞ ሩጫ በመጣ ጊዜ ጉልበት ይጎድላል። አጥሩን በአንድ በኩል ሲያጠብቁት በሌላው ይላላል። የስልቱ ጥቅም ይህ ነው።

ከተለመዱት ስልቶች አንዱ «ስክሪን» ይባላል። ኳርተርባኩ እያፈገፈገ ተከላካዮቹ እንዲያሳድዱት ይጋብዛል፤ ከፊቱ ያሉት የመስመር ተጫዋቾችም ሆን ብለው ያሳልፏቸዋል። ከዚያም ኳሱን በራሳቸው ላይ አሻግሮ ለራኒንግ ባኩ ይሰጣል። የመስመር ተጫዋቾቹም ቀድመው መንገድ ይጠርጉለታል። ሁለተኛው ወደ ዳር የሚወጣ መስሎ በድንገት ወደ መሐል መታጠፍ ነው። ሦስተኛው ወደ ዳር ወጥቶ የሜዳውን ጠርዝ ይዞ ወደፊት መፈትለክ ነው። ከነዚህም ሌላ፣ ሩቅ የሄዱት ተቀባዮች ሁሉ በተከላካይ ሲያዙ ራኒንግ ባኩ ለኳርተርባኩ የቅርብ መጠጊያ ይኾናል።

ለመቀበል ከመውጣቱ በፊት ግን ሌላ ግዴታ አለበት። ሾልኮ ወደ ኳርተርባኩ የሚመጣ ተከላካይ ካለ በሰውነቱ ሊያግደው ይገባል። ይህን የማይችል ራኒንግ ባክ እጁ የቱንም ያህል ቢያምር በውርወራ ጊዜ ሜዳ ላይ የመቆየት ዕድሉ ጠባብ ነው።

ስልቱን በማስፋፋት ስሙ ጎልቶ የሚነሣው አሠልጣኝ ቢል ዋልሽ ነው። እ.አ.አ በ1970 በሲንሲናቲ ቤንጋልስ ረዳት አሠልጣኝ ሳለ ዋናው ኳርተርባክ ግሬግ ኩክ በጉዳት ከሜዳ ራቀ። ተተኪው ቨርጂል ካርተር ሩቅ የመወርወር ጉልበት አልነበረውም። ዋልሽ በሩጫ ይገኝ የነበረውን ርቀት አጫጭርና የተለኩ ውርወራዎች እንዲያስገኙ አደረገ። ኋላም ይህንኑ ስልት ይዞ ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲ ናይነርስን አሠለጠነ። በዚያም ሮጀር ክሬግ እ.አ.አ በ1985 በሩጫ 1 ሺህ 50፣ በመቀበል 1 ሺህ 16 ያርድ በመሸፈን በአንድ የውድድር ዘመን በሁለቱም ከ1 ሺህ ያርድ ያለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች ኾነ።

ማርሻል ፎልክ እ.አ.አ በ1999፣ ክርስቲያን ማካፍሪ በ2019 ተከተሉት። እስከ 2024 የውድድር ዘመን ድረስ ይህን ያደረጉት እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ማካፍሪ በዚያ ዓመት የያዛቸው 116 ኳሶች ለራኒንግ ባክ ክብረ ወሰን ናቸው።

ስልቱ ዋንጫም አስገኝቷል። እ.አ.አ በየካቲት 2017 በተደረገው የሱፐር ቦውል ፍጻሜ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ በአትላንታ ፋልከንስ 28 ለ 3 ይመራ ነበር። የቡድኑ ራኒንግ ባክ ጄምስ ዋይት በጨዋታው 14 ኳሶችን ይዞ 110 ያርድ ሸፈነ። ብቻውን 20 ነጥብ አስቆጠረ፤ በተጨማሪ ሰዓት የድሉን ሩጫ የሮጠውም እርሱ ነው። ጨዋታው 34 ለ 28 ተጠናቀቀ።

የክፍያው ጉዳይ ግን ከድሉ እኩል አልተራመደም። ራኒንግ ባክ በየጨዋታው ደጋግሞ የሚመታ በመኾኑ የተጫዋችነት ዕድሜው አጭር ነው፤ ክለቦችም ረጅም ውል ለመስጠት ያመነታሉ። በሊጉ ደንብ መሠረት ክለብ ውሉ ያለቀ ተጫዋችን ለአንድ ዓመት በተወሰነ ክፍያ ማስቀረት ይችላል። ክፍያው የሚተመነው በተጫዋቹ የቦታ መጠሪያ ነው። እ.አ.አ በ2023 ይህ ተመን ለራኒንግ ባክ 10 ነጥብ 1፣ ለተቀባይ 19 ነጥብ 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በሬ በክረምት ያርሳል፣ በበጋ አውድማ ላይ ያበራያል፤ ለሁለቱም ሥራ የሚቀርብለት ያው ገለባ ነው። የራኒንግ ባኮቹም ቅሬታ ከዚህ ይመሳሰላል።

የፒትስበርግ ስቲለርሱ ለቪዮን ቤል እ.አ.አ በ2017 85 ኳሶችን ከያዘ በኋላ እንደ ሯጭም እንደ ተቀባይም እንዲከፈለው ጠየቀ። ስላልተስማሙም 14 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ትቶ የ2018ን ውድድር ሙሉ በሙሉ ሳይጫወት አሳለፈ። በ2019 ከኒው ዮርክ ጄትስ ጋር የፈረመው የአራት ዓመት ውል 52 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በዓመት ሲሰላ ከተወው ያንሳል። ማካፍሪ በበኩሉ በ2020 ከካሮላይና ፓንተርስ ጋር የአራት ዓመት የ64 ሚሊዮን ዶላር ማራዘሚያ ተፈራርሟል። ሙያው አንድ ቢኾንም ዋጋው ከተጫዋች ተጫዋች ይለያያል።

ጨዋታውን በቴሌቪዥን የሚመለከት ሰው ኳሱ ከመነሣቱ በፊት ራኒንግ ባኩ የት እንደቆመ ያስተውል። ከኳርተርባኩ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ዳር ከሄደ ማን እንደሚከተለው ይመልከት። የተከተለው ከባዱ ላይንባከር ከኾነ ኳሱ ወደዚያ የመሄድ ዕድሉ ሰፊ ነው።