ማክ ወይስ ፒሲ? የአንድ የቆየ ክርክር ታሪክ

ወጣቶች ስለ ኮምፒውተር ሲያወሩ «ማክ ይሻላል ወይስ ፒሲ?» የሚል ክርክር አይጠፋም። ክርክሩ ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል። «የቱ ይሻላል?» ከማለት ይልቅ «ለምን ሳይግባቡ ቆዩ? በኋላስ እንዴት ተግባቡ?» ብለን ብንጠይቅ የበለጠ እንማራለን።

አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከማይክሮሶፍት ወሰደ። በራሱ እጅ ያቆየው ዋና ነገር ባዮስ የተባለው፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ሥራ የሚያስጀምረው ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ኮምፓክ የተባለ አዲስ ኩባንያ ግን የአይቢኤምን ኮድ ሳይገለብጥ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ባዮስ ጽፎ በ1983 ኮምፒውተሩን መሸጥ ጀመረ። ሌሎችም ተከተሉት፤ ፒሲ የአንድ ድርጅት ዕቃ መሆኑ ቀረ።

አፕል በ1984 ማኪንቶሽን ይዞ ሲመጣ መንገዱ ሌላ ነበር። ፕሮሰሰሩ የሞቶሮላ ስለሆነ ለኢንቴል የተጻፈ ፕሮግራም አይገባውም። የማክ ወዳጆች «ሃርድዌሩንም ሶፍትዌሩንም አንድ እጅ ስለሠራቸው ይስማማሉ» ሲሉ፣ የፒሲ ወዳጆች «እኛ ከፈለግንበት ገዝተን እንገጣጥማለን» ይሉ ነበር። ሁለቱም እውነት ነበራቸው።

የተቸገረው በመካከል ያለው ተጠቃሚ ነው። የሁለቱ 3.5 ኢንች ፍሎፒ ዲስክ በመልክ አንድ ነበር። ሆኖም የማክ ማንበቢያ የዲስኩን የመሽከርከር ፍጥነት እንደ ቦታው ይለዋውጣል፤ የፒሲው ግን በአንድ ፍጥነት ብቻ ይሠራል። ስለዚህ በማክ የተጻፈውን ዲስክ ፒሲው ማንበብ አይችልም ነበር። አፕል የፒሲን ዲስክ ጭምር ማንበብ የሚችል መሣሪያ በማክ ላይ መግጠም የጀመረው በ1988 ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ችግሩ በዚህ አላበቃም። ፋይሉ ቢከፈትም ፊደሉ አይነበብም። በዘመኑ አንድ ፎንት ቢበዛ ለ256 ምልክቶች ብቻ ቦታ ነበረው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ፊደላት፣ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቦታው ይጠባል። ስለዚህ ሶፍትዌር ሠሪዎች ለፊደሎቹ በየራሳቸው ዘዴ ቁጥር ሰጡ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆን ነበር።

መፍትሔው ከአንዱ ወገን ድል አልመጣም። አፕል፣ ማይክሮሶፍትና አይቢኤም፣ ተፎካካሪ ሆነው ሳሉ፣ ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ማኅበር ውስጥ አብረው ሠሩ። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ተካተተ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በሠንጠረዡ ላይ 1200 የሚል የራሱ ቁጥር አለው፤ በማክም በፒሲም ያው ነው። ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ወጣ።

ከዚያ በፊት የተጻፈው ሁሉ ግን በራሱ ጊዜ አልተለወጠም። በየቤቱና በየቢሮው መሳቢያ ውስጥ በቀድሞ ፎንቶች የተጻፉ ግጥሞች፣ ቃለ ጉባኤዎችና ታሪኮች ዛሬም ተቆልፈው ሊገኙ ይችላሉ። ታላላቆቻችንን «በየትኛው ፕሮግራም ነው የጻፋችሁት?» ብለን ሳይረፍድ እንጠይቃቸው፤ ዋናውን ፋይል ሳንነካ ቅጂውን ወደ ዩኒኮድ እንለውጥ። ስለ ማክና ፒሲ ስንከራከርም አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ እኔ ዛሬ የጻፍኩትን ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ሊያነበው ይችላል?