እምቦጭ፦ ከቆቃ እስከ ዓባያ
(በሻንቶ የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ)



እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ በሚገኘው የሴንት ክሌር ሐይቅ ጥፍር የምታህል ባለ ዝንጉርጉር ዛጎል ተገኘች። አገሯ የጥቁርና የካስፒያን ባሕሮች አካባቢ ሲሆን፣ መርከቦች ሚዛናቸውን ለመጠበቅ በሚጭኑት ውኃ ውቅያኖስ ተሻግራ የከተሞችን የውኃ መሳቢያ ቧንቧዎች ደፈነች። ወላይታ የባሕር መርከብ አይደርስም። የዚያ ታሪክ አቻ በእኛ ዘንድ እምቦጭ ነው።

እምቦጭ የአማዞን ተፋሰስ ተክል ነው። ከአገሩ ያስወጣው ውበቱ ነው፤ ሐምራዊ አበባውን የወደዱ ሰዎች ለኩሬያቸው ጌጥ ብለው ከአህጉር አህጉር አዘዋወሩት። (እኔም መጀመሪያ ያየሁት ዕለት አበባውን ቀጥፌ ለባለቤቴ ወስጃለሁ፤ እስከ ዛሬ ታስታውሰኛለች።) የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ተመረቀ፤ በ1965 እምቦጭ በዚያውና በአዋሽ ወንዝ ላይ ተመዘገበ። የረጋ ውኃ ለእርሱ የተነጠፈ ምንጣፍ ነው። በጣና ሐይቅ በይፋ የታወቀው ግን በ2011 ነው፤ አገር ስሙን የሰማው ያኔ ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ያለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ከአረሙ ይልቅ ስለ እኛ ይናገራል፤ ቆቃ ላይ ሳለ የሩቅ ሰው ችግር ነበር።

ከጣና በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወገባቸውን ታጥቀው በእጃቸው ነቀሉት። ድካማቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ዘሩ በጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ገደማ መቆየት ይችላል፤ ቁራጩም ዳግም ያቆጠቁጣል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ኡጋንዳ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደቡብ አሜሪካ የመጡ፣ ቅጠሉንና ግንዱን የሚበሉ ጥንዚዛዎች ለቃ ነበር፤ በአሥር ዓመቱ ማብቂያ አረሙ እጅግ ቀንሷል።

አሁን ዓባያም ተነክቷል። ጣሊያናዊው ቦተጎ በ1890ዎቹ በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎ የሰየመው ይህ ሐይቅ ውኃው ቀይ ነው፤ ቅላቱ ከተራቆተ መሬት ታጥቦ የሚወርድ አፈር ነው። ቢላቴ ከላይ ሲወርድ ከማሳችን አፈርና ማዳበሪያ ተሸክሞ ይገባበታል፤ እምቦጭም የሚወፍረው በዚሁ ነው። ስለዚህ የነቀላው ዘመቻ ዳርቻው ላይ ብቻ ሳይሆን እዚህ ደጋው ላይ በእርከን ሥራ መጀመር ነበረበት ባይ ነኝ።

በሐይቁ ዳር ያገኘሁት ዓሣ አጥማጅ መረቡን ዘርግቶ ሥር ብቻ ሲያወጣ ቆየና፣ «ዶክተር፣ እናንተ የምታስተምሩት የትናንቱን ነው፤ እኔ የዛሬን እራት ልጠይቅዎ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ጀልባውን ከአረሙ ለማላቀቅ ግን አብሬው ገፋሁ።